ባዶ የሚመለሰው ቅል

ሕፃን ሲያለቅስ ሰምቼ ቶሎ እጄን አልዘረጋም። መንደርተኛው ይህን ጠባዬን ያውቀዋል። ሰርግ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት ተሰብስበን አንዱ ጨቅላ እሪ ሲል፣ ሌሎቹ ሴቶች ተሻምተው ሲያነሱት እኔ እናቱን ፍለጋ እወጣለሁ። “መምህርቷ አንጀቷ ደረቅ ነው” ይላሉ፤ ፊት ለፊት ያሉኝም አሉ። ይበሉ። አንጀቴ አንድ ጊዜ ራርቶ ያመጣውን መዘዝ እኔ አውቀዋለሁ።

የምንኖረው ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ተራራው በሚገባው ጥርጊያ ላይ ነው። መንደራችን ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ወላጆቼን በደርግ ጊዜ ከወሎ በመኪና ጭነው ሲያመጧቸው ቤቶቹን በረድፍ ሠርተው ቁጥር ሰጡት፣ እስከ ዛሬ አገራችንን ስንጠየቅ ቁጥር ነው የምንናገረው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ “ለላም እንኳ ስም ይወጣላታል” እያለ ይቀልድ ነበር። ከእኛ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ ከማንጎውና ከቀርከሃው መሀል የበርታዎቹ መንደር አለ። እነሱ እኛ ሳንመጣ ጀምሮ እዚያው ናቸው። ከእኛ በታች ወንዙ ነው። የላይኞቹ ሴቶች ወርቅ ለማጠብ ሲወርዱ የሚያልፉት በእኛ ደጅ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በሁለቱ መንደሮች መካከል ስላለ የሁለቱም ልጆች እዚያው ይገናኛሉ።

ጓደኛዬ የላይኛው መንደር ሰው ናት። የተዋወቅነው ሁለታችንም የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዘን ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ነው። የእሷ አማርኛ ገና ነበር። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ አድጌ የእነሱን ቋንቋ ከሰላምታ አላሳልፈውም ነበር፤ ማፈር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ሆዳችንን እያሳየን ስንሳሳቅ የቀረን ነገር አልነበረም። እኔ ወንድ ወለድኩ፤ ጥቂት ቆይታ እሷ ሴት ወለደች።

አራስ ሳለች ወባ ጣላት። ስትነሳ ጡቷ ደርቆ ነበር። ባሏ ሌላ ሚስት አለው፤ ያቺ ጣውንቷ ልጆቿን በተርታ ያሳደገች፣ አፏም እጇም ፈጣን የሆነች ሴት ናት። ጓደኛዬ ከወባው ይልቅ የፈራችው እሷን ነው። ጡቷ ነጥፎ ልጇን በፍየል ታሳድጋለች እንዳትባል፣ ሰው ሲያያት ሕፃኗን ደረቅ ጡቷ ላይ ለጥፋ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲሄድላት በትንሽ ቅል የያዘችውን የፍየል ወተት ትሰጣታለች። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ወርቁ የሚታጠብበት ሰሞን ሲመጣ፣ ልጅቷን እኔ ዘንድ እየተወች ወንዝ መውረድ ጀመረች። የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ቤት ነው የምውለው። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷንና ቅሉን ሰጥታኝ፣ ገበቴዋን ራሷ ላይ ደፍታ ወረደች። ገና ከዓይን ሳትሰወር ሕፃኗ ተነሳች። ወተቱን ባቀምሳት ተፋችው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግማ ተፋችው፣ ከዚያ በኋላ ልቅሶዋን ለቀቀችው።

ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። አዝኜላት ነው ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል። ልጄ ስንት ተለምኖ ገና መተኛቱ ነበር፤ ይህቺ ካልተወች ሊነሳብኝ ነው። ጡቴም በወተት ተወጥሮ እያመመኝ ነበር። አነሳኋትና ሰጠኋት። እንዴት አድርጋ እንደያዘችኝ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ዓይኗን እንኳ ሳትጨፍን፣ እያየችኝ ጠባች። ጠግባ ተኛች። ወተቱን ለድመቷ ደፋሁላትና ቅሉን አጠብኩት።

ጓደኛዬ ከወንዝ ስትመለስ ቅሉን አየት አደረገች። “ጠጣ?” አለችኝ። ሁሉንም ጠጣች አልኳት። ልጇን ሳመቻት፣ ባዶውን ቅል ጉያዋ አስገብታ ወደ ተራራዋ ወጣች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ወርቁ እስኪያልቅ ድረስ እንዲሁ ሆነ።

ለማያውቅ ሰው ልናገር። በእኛ ሃይማኖት የአንዲት ሴት ጡት የጠቡ ሕፃናት ወንድምና እህት ናቸው፤ ከአንድ ማህፀን እንደወጡት ሁሉ አይጋቡም። ስለዚህ የሰው ልጅ ያጠባች ሴት አትደብቅም። በወላጆቼም አገር ቢሆን በበርታዎቹም ዘንድ ለጎረቤት ትናገራለች፣ ምስክር ትጠራለች። እናቴ ገበያ መሀል የደረሰ ጎረምሳ አስቁማ “ይሄ እኮ የጡት ልጄ ነው” ስትል እኔ በሀፍረት እሸማቀቅ ነበር። ለካ ለኩራት ብላ አልነበረም። ነገ የማይሆን ነገር እንዳይመጣ ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው።

እኔ ግን ለማን ልንገር? አጠባኋት ማለት የእናቷ ጡት ደረቀ ማለት ነው፤ ወሬው ተራራውን በአንድ ቀን ይወጣና ጣውንቷ ጆሮ ይገባል። ለራሷ ለእናትየዋስ ብነግራት? “የፍየል ወተትሽን ልጅሽ አልፈለገችውም፣ የእኔን ነው የምትጠባው” ብዬ እንዴት ዓይኗን አያለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ። አባቴ “ዝም አይነቅዝም” ይል ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ። አንድ ሰሞን ድመቷ ከቅሉ የደፋሁላትን አሽታ ፊቷን አዞረች። ጠግበሽ ነው፣ ብዬ ሳቅሁባት። ወተቱ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ልብ ብዬ አላየሁትም።

ዓመቱ ዞረ፣ ልጅቷም ገንፎ ለመደች። ከዚያ ወዲያ ማጥባት ቀረ፤ ጓደኝነታችን ግን በረታ። ማንጎ ሲደርስ በዘንቢል ታመጣልኛለች፤ እኔ በርበሬ እሰድላታለሁ። ልጆቹ ለትምህርት ሲደርሱ ሁለቱም እኔው ክፍል ገቡ፤ ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ወጥተው ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው አንዱን ፍሬ እየተቀባበሉ ሲመጥጡት አያለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ያኔ ጠርቼ “ልጆች፣ እናንተ እኮ ወንድምና እህት ናችሁ” ብላቸው ይስቁና ማንጎአቸውን ይጨርሱ ነበር። ነገ ለጓደኛዬ እነግራታለሁ እያልኩ ነገዬን በላሁት። ዘወትር አንድ ምክንያት አላጣም ነበር፤ አንዴ ጣውንቷ፣ አንዴ ሥራ፣ አንዴ ደግሞ ጓደኛዬ በደስታ እየሳቀች ስለመጣች ደስታዋን ላለማጥፋት።

ልጄ አሶሳ ሄዶ ብየዳ ተማረ፣ በሞተር ሳይክል ተመለሰ፤ እሷም ደርሳ እንደ እናቷ ቀጥ ያለች ቆንጆ ሆነች። አንድ ቀን ልጄ ከአባቱ ጋር ሹክ ሹክ ሲባባሉ ቆዩና ባሌ እየሳቀ ወደ እኔ መጣ። ልጁ የጓደኛዬን ልጅ እንደሚፈልግ፣ እሷም እሺ ማለቷን ነገረኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ይህንን ነው ለራሴ ይቅር የማልለው። ድንጋጤ ሊቀድም ይገባ ነበር፣ ግን አልቀደመም። ያቺ እያየችኝ የጠባች ልጅ ምራቴ ሆና እደጄ ስትወጣና ስትገባ ታየኝና ልቤ ሞቀ። ነገሩ የመጣብኝ ከቆየ በኋላ፣ ቡና እየቆላሁ ነው፤ ቡናው እስኪያር ቆምኩ። ከዚያም ራሴን ማባበል ያዝኩ። ማን አየ? ድመቷ ሞታለች። ሁለት መንደር የሚያስተሳስር ጋብቻ ነው፤ አላህ መሓሪ ነው። ለራሴ እንዲህ እያልኩ ሽማግሌ ሲላክ ዝም አልኩ፤ ባሌ ከቤታችን ጎን ለሙሽሮቹ ክፍል ሲሠራም ዝም አልኩ። በሩንና መስኮቱን ልጄ ራሱ በየደው፣ ሰማያዊ ቀባው። መጥተሽ እይው እያለ ሲጠራኝ እጄን እየጠረግሁ ሄጄ አየሁ፣ ያምራልም አልኩት።

ሽማግሎቹ ቃሉን ለማጽናት የወጡ ዕለት እኔም አብሬ ወጣሁ። ወንዶቹ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ እኛ ሴቶቹ ከግድግዳው ወዲህ ማጀት ውስጥ ገንፎና ባሚያ እያዘጋጀን ነው፤ ግድግዳው ቀርከሃ ስለሆነ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ሸሁ፣ የሁለቱም መንደር ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቁ። በመጨረሻ “በመካከላቸው ጡት አለ ወይ?” አሉ። ወንዶቹ የለም አሉ። ሸሁ ግን “ይህ የሴቶች ነገር ነው፤ ሴቶቹን እንስማ” አሉና ድምፃቸውን ወደ እኛ አነሱ።

ጓደኛዬን አየኋት። ጎንበስ ብላ ገንፎውን ታማስላለች። ቀና አላለችም። እኔም አፌ አልከፈት አለ። ያኔ ጣውንቷ በግድግዳው በኩል ጮክ ብላ መለሰች። ልጅቷ የፍየል ወተት ጠጥታ ነው ያደገችው፣ የማንንም ጡት አልነካችም፤ እኔ እንኳ ልሰጣት እየፈለግሁ እናቷ እንዳታፍር ብዬ ነው የተውኩት አለች። ሸሁ አመሰገኗት፣ ወንዶቹም ቃሉ እንዲጸና ፋቲሓ ቀሩ።

ገንፎውን ስንበላ ነገሩ ገባኝ። ጣውንቷ የጓደኛዬ ጡት መድረቁን ያን ሁሉ ዘመን ታውቅ ነበር ማለት ነው። አውቃ ነው አፏን የያዘችው፣ ያቺ አፏ ፈጣን ያልናት ሴት። ለካ ከእሷ የሸሸግሁት ምስጢር ምስጢር አልነበረም። የእሷ ምስክርነት ደግሞ ከእኔ ዝምታ ጋር ተደምሮ ሐሰት ሆነ፣ ኃጢአቱም የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶላቴን ጀምሬ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል።

ወርቁ የሚታጠብበት ሰሞን ዳግም ሲመጣ፣ ጋብቻው የሚታሰርበት የኒካሁ ቀን ሲቃረብ፣ ሌላ መድረሻ አጣሁ። ጓደኛዬን ፍለጋ ወንዝ ወረድኩ። ውሃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገብታ አጎንብሳ ገበቴዋን ታዞራለች። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ። ቅሉን ባዶ የምመልሰው ወተቱን ለድመት እየደፋሁ እንደነበር፣ ልጅቷን ያጠባኋት እኔ እንደሆንኩ፣ ሸሁ ሲጠይቁም አውቄ ዝም እንዳልኩ ነገርኳት።

ገበቴውን ማዞሯን አላቆመችም። አሸዋው ተጠርጎ ሲያልቅ፣ የቀረውን ጥቁር ደቃቅ አየችው።

“እኔ አውቃለሁ” አለች። “ፍየል ወተት አልቆ ነበር። ቅል ውስጥ ውሃ ነበር፣ ዱቄት ነበር። አንቺ ‘ጠጣች’ ትያለሽ። ልጅ ጠግቦ ይመጣል።”

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ድመቷ ፊቷን ስታዞር ታየኝ። ያን ሰሞን ሙሉ ነጣ ያለ ውሃ ስታመጣልኝ፣ እኔም ያንን ደፍቼ “ሁሉንም ጠጣች” ስላት፣ ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆነን የኖርን ነን። እሷ አጥቢልኝ ብላ መለመን አፍራ፣ እኔ አጠባሁልሽ ብዬ መናገር አፍሬ። ታዲያ ሸሁ ሲጠይቁ ለምን አልተናገርሽም አልኳት።

“አንቺን ጠበቅሁ” አለች። “ወላሂ፣ አንቺ ከተናገርሽ እናገራለሁ አልኩ። ልጅሽን እወዳለሁ። የኔ ልጅ እሱን ያገባል፣ ደስ አለኝ። ሐራም ነው፤ ደስ አለኝ።”

ወንዙ ዳር ተያይዘን አለቀስን። እሷም ደስ ብሏት ነበር፤ ብቻዬን አልነበርኩም። ይህ ሊያጽናናኝ ሲገባ ይበልጥ አሳፈረኝ። ሁለት እናቶች አንዳችን የሌላችንን አፍ እየጠበቅን፣ ልጆቻችንን እያየን ወደ ገደል ልንሰዳቸው ነበር።

በዚያው ዕለት ሸሁ ዘንድ ሄድን። ይቆጡናል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡንም። ከኒካሁ በፊት አፋችንን ላስከፈተ ጌታ ምስጋና ይግባው አሉ። ከዚያ ልጆቹን አስጠርተው፣ እኛን ከጎናቸው አስቀምጠው ሁሉንም ነገሯቸው። እናንተ ከዛሬ ጀምሮ አይደለም፣ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ እህትና ወንድም ናችሁ አሏቸው። ለልጅቷም እንደ ወንድምሽ ነውና ከእንግዲህ በፊቱ ፀጉርሽን መሸፈን የለብሽም ብለው አስረዷት። ልጅቷ ሻሿን በእጇ ይዛ፣ ሳታወልቀው፣ መሬት መሬት አየች። ጓደኛዬ እጇን ስትዘረጋላት ሸሸቻት።

ልጄ ወደ ቤት እስክንደርስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። በበየደው ሰማያዊ በር ላይ ተደግፎ ቆመና ተጠራጥሮ የሚጠይቅ ተማሪ በሚያየኝ ዓይን አየኝ።

“እማ፣ ከልጅነቴ እህትህ ናት ብትይኝ እኮ እህቴ ትሆን ነበር” አለኝ። “አሁን ምን ላድርጋት?”

ሰው ይቅር በለኝ ይላል፤ እኔም አልኩት፣ እሱም “አብሽሪ” አለኝ፣ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው። ሳምንት ሳይቆይ ሞተሩን ሸጦ ቆላ፣ ማንኩሽ ከተማ ወረደ፤ እዚያ ብየዳ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ኢድ ሲመጣ ሥራ በዝቷል ይላል። ለሙሽሮቹ የተሠራው ክፍል ውስጥ ባሌ ማሽላ አስቀመጠበት።

ያልጠበቅሁት ግን ልጅቷ መምጣቷ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኔን ማየት ትጠላለች ሲል እሷ መጣች። መጀመሪያ ከእናቷ ጋር፣ በኋላ ብቻዋን፣ ማንጎ ተሸክማ። እማ ትለኛለች። ቤቴ ስትገባ ሻሿን ትጥልና እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ ጎንጉኚኝ ትላለች፤ እኔም እጎነጉናታለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉኛል ጎረቤቶቼ፤ እኔ ግን ሴት ልጅ አግኝቻለሁ። ደግሞም ደስ ይለኛል። ልጄን ከቤት አባርሬ ባገኘሁት ነገር ደስ ይለኛል፤ ፀጉሯን ስከፍል ጣቶቼ የሰው ዕቃ የነኩ ይመስለኛል።

ያለፈው ኢድ ዕለት እንዲሁ እየጎነጎንኳት ሳለ ስልኬ ጮኸ። እጄ ቅባት ስለነበር እሷው አንስታ ድምፁን ከፈተችልኝና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ልጄ ነበር። ኢድ ሙባረክ ተባባልን፤ ስለ ሙቀቱ አወራኝ፣ ስለ አባቱ ጠየቀኝ። ከዚያ ቤት ማን አለ አለኝ።

“እህትህ አለች” አልኩት።

ከኋላው መዶሻ ሲመታ ይሰማል። “ሰላም በያት” አለ ቀስ ብሎ።

በቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ልጅቷ ግን ድምፁን ስትሰማ፣ የተጎነጎነውንም ያልተጎነጎነውንም ሰብስባ፣ ሻሿን ከመሬት አንስታ ፀጉሯን ሸፈነች።